ይንገሩልኝ

ኦቲልያ በሩን የምትከፍተው ጎህ ሲቀድ ነው። መጀመሪያ የምራቷ የያዲራ መኪና ይመጣል። ያዲራ ከኦቲልያ ልጅ ከሮሄልዮ ጋር ከተፋታች አራት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ኦቲልያ ግን «የቀድሞ ምራቴ» ማለት አንደበቷ አይታዘዝላትም። ያዲራ ከመኪናዋ አትወርድም። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ሁለቱ ልጆቿ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ሚሬያና ታናሽ ወንድሟ ኔቶ፣ ቦርሳቸውን እየጎተቱ እስኪወርዱ ትጠብቃለች።

«ዶኛ ኦቲልያ፣ እንደምን አደሩ። እባክዎ ለዚያ ሰውዬ ይንገሩልኝ፤ የኔቶ ጫማ ጠቦታል። በወር አንዴ አይስክሬም ስላበላ ብቻ አባት ነኝ እንዳይል ይበሉልኝ» ትላለች። መልስ ሳትጠብቅ ወደምትሠራበት የጥርስ ሐኪም ቤት ትከንፋለች።

ጥቂት ቆይቶ የሮሄልዮ መኪና ይመጣል። ጣሪያው ላይ መሰላል የታሰረበት አሮጌ መኪና ነው። ሮሄልዮ የአየር ማቀዝቀዣ ይጠግናል፤ ድንበር አጠገብ ባለችው በዌስላኮ ከተማ ሙቀት ደግሞ ለእሱ ሥራ የማይገኝበት ቀን የለም። የእናቱን ግንባር ይስምና ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። እንቁላልና ባቄላ በስንዴ ቂጣ ጠቅልላ ታቀርብለታለች። እየጎረሰ ይጀምራል።

«እማዬ፣ ልጆቹ ትናንት እራት ምን በሉ? እንደገና መኪና ውስጥ ሆነው ከምግብ ቤት መስኮት የገዙት ነገር ነው አይደል? ለዚያች ሴትዮ ይንገሩልኝ፤ ልጆቼ ድስት ጠፍቶባቸው አላደጉም።»

ኦቲልያ ትነግራለች። የምትነግረው ግን እንደሰማችው አይደለም። ለልጇ፣ «ያዲራ የኔቶ ጫማ ጠቦታል፣ ሮሄልዮ ደህና ጫማ መምረጥ ያውቅበታል ብላለች» ትለዋለች። ለምራቷ ደግሞ ማታ ልጆቹን ልትወስድ ስትመጣ፣ «ሮሄልዮ ሥራ በዝቶብሽ እንደደከመሽ አይቶ አዝኗል፤ ከዛሬ ጀምሮ እራት እዚሁ በልተው ይሂዱ ብሏል» ትላታለች። እራቱን የምትሠራው ራሷ ናት።

ወደዚህ አገር የመጣችው ሙሽራ ሆና ነው፤ ከድንበሩ ማዶ፣ ሊናሬስ አጠገብ ካለች መንደር። ባሏ ፊደንስዮ በየዓመቱ አዝመራ እየተከተለ ወደ ሰሜን ሲሄድ፣ እሷ ሽንኩርት በሚታሸግበት መጋዘን ውስጥ ትሠራ ነበር። የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል። ሴቶቹን በረድፍ እያቆመች፣ «ፍጠኑ፣ የበሰበሰውን አውጡት» ስትል ድምፅዋ እስከ ጭነት መኪኖቹ ድረስ ይሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገባች፤ እዚያም ሥራዋ መጮህ ነበር። ቤት ስትገባ የአልጋ ቁራኛ የነበረችውን አማቷን ታጥባለች፣ ታበላለች። ኦቲልያ አማቷ እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን «ደከመኝ» ብላ አታውቅም። ደከመኝ የሚል ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ፊደንስዮም ሳይለው ነው የሞተው።

የልጇ ትዳር ሲፈርስ የሚወራ ወሬ እንኳ አልተገኘም። ሮሄልዮ ያዲራን አልመታትም፣ አልወሰለተባትም፣ አይጠጣም። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል፤ ሲነጋ ይወጣል። ያዲራ ማታ ማታ መማር ስትጀምር፣ «ልጆቹንስ ማን ይይዛል?» አላት። «አንተ የለህ?» አለችው። እሱም ልጆቹን አቅፎ እናቱ ቤት አመጣቸው፤ እንደዚያ ሆኖ ቀረ። አንድ ቀን ያዲራ ልብሷን በቅርጫት አድርጋ መጣችና ልትሰናበት ቆመች። ኦቲልያ እጇን ይዛ፣ «የተለያየሽው ከልጄ ነው፤ ከእኔ አልተለያየሽም። ይህ ቤት የልጆችሽ ቤት ነው» አለቻት። ከልቧ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያዲራና ሮሄልዮ የሚነጋገሩት በእሷ በኩል ብቻ ሆነ፤ አንዱ የሌላውን ስልክ ቁጥር እንኳ ሳይረሳ አልቀረም።

ባለፈው ክረምት የኦቲልያ ድምፅ መሻከር ጀመረ። ጉንፋን ነው ብላ የኮክ ቅጠል እያፈላች ጠጣች። ልጆቹን ከጓሮ ስትጠራ ድምፅዋ መሀል ላይ ይቆረጣል። ጎረቤቷ ቻዮ የሮሄልዮ የክርስትና እናት ናት፤ ከኦቲልያ ጋር አበልጅ ከሆኑ ዘመናት አልፈዋል፤ ስለዚህ ፈቃድ ሳትጠይቅ ትቆጣታለች።

«አንቺ አበልጄ፣ እንደ ዛገ በር እየጮህሽ እስከ መቼ ልትኖሪ ነው? ነገ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ።»

«ልጆቹን ማን ይይዛቸዋል?»

«እናትና አባት የላቸውም እንዴ? ሞተው ቢሆን ቀባሪ ሆኜ እመጣ ነበር እኮ፤ ማንም አልነገረኝም።»

ሐኪሙ የድምፅዋ ጅማት ላይ እባጭ አገኘ። ክፉ በሽታ አይደለም፤ ግን በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እሱ እስኪፈቅድ ድረስ አንዲት ቃል መተንፈስ ክልክል ነው። ሹክሹክታም ቢሆን። ኦቲልያ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ የሚሬያ ነገር ነበር።

ሚሬያ በትምህርት ቤቷ የአያቷን አገር ባህላዊ ሙዚቃ በሚጫወት የማሪያቺ ቡድን ውስጥ ቫዮሊን ትጫወታለች። ቡድኑ ሳን አንቶንዮ ሄዶ እንዲወዳደር ተመረጠ፤ ልጆቹ እዚያ ሆቴል ያድራሉ። ያዲራ ወዲያው ፈቀደች። ሮሄልዮ ግን ሹካውን አስቀምጦ፣ «የእኔ ልጅ እኔ በማላውቀው ጣሪያ ሥር አታድርም። አለቀ» አለ። ኦቲልያ በለመደችው መንገድ ሄደች። ለልጇ፣ «ገና እያሰቡበት ነው፣ አትቸኩል» አለችው። ለምራቷ፣ «ትንሽ ጊዜ ስጪው፣ ይለሰልሳል» አለቻት። ያዲራ በዚህ ተናድዳ ከመኪናዋ መስኮት ብዙ ነገር ተናገረች፤ ስለ ወንድነቱ፣ ስለ አባቱ፣ ከጠረጴዛ ስለማይነሳው መቀመጫው። ኦቲልያ ያን ሁሉ ሰምታ ወደ ቤቷ ስትገባ አንዱንም ላለመናገር ወሰነች። እንኳን ለልጇ ለራሷም ልትደግመው አልፈለገችም። ከዚያ የቀዶ ጥገናው ቀን ደረሰ።

ከሐኪም ቤት ስትመለስ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያልጠበቀችው እረፍት አመጡ። በሚቀጥለው ጠዋት ያዲራ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ይንገሩልኝ» ስትል ኦቲልያ ጉሮሮዋን በጣቷ ነካች። ያዲራ፣ «ይቅርታ፣ ረስቼው ነው» አለችና ሄደች። ሮሄልዮም መጥቶ እንደለመደው ጀመረ፤ መሀል ላይ ሲቆም እናቱ የስንዴ ቂጣውን ወደ እሱ ገፋችለት። ዝም ብሎ በላ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበላ ልብ ብላ አየችው፤ ሽበት ጆሮው ሥር ጀምሮታል።

እረፍቱ ግን ከሐሳብ አላሳረፋትም። ኔቶ ሲወድቅ ትነሳለች፤ አፏን ትከፍትና ትዘጋዋለች። ሁለቱ ወላጆች በስልክ ሞክረው ነበር። ሚሬያ ናት ያንን የነገረቻት፤ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠች።

«እማማ፣ አባዬ ለእናቴ ደውሎላት ነበር። ስለ ኔቶ ክትባት ሊጠይቃት። ከዚያ ጆሮዋ ላይ ዘጋባት። እሷ እኔ ነኝ የዘጋሁበት ትላለች እንጂ እሱ ነው የዘጋው።» ሌላ ሳህን አነሳች። «እርስዎ ቢሆኑ፣ ሰላም ብላሃለች ይሉት ነበር አይደል?»

ኦቲልያ የልጅቷን ጀርባ አየች። ልጅቷ ሁሉንም ታውቅ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ከመኪናው መስኮትም የሰማችው እሷ ናት፣ ከጠረጴዛውም የሰማችው እሷ ናት።

የጉዞው ጠዋት ያዲራ ልጆቹን እንደ ወትሮው አወረደችና፣ «የሥራ ቦታ ቁልፍ አድርሼ እመለሳለሁ፤ ከዚያ ወደ አውቶቡሱ» ብላ ሄደች። ሚሬያ ነጭ ሸሚዟን ተኩሳ ለብሳለች፤ ቦርሳዋና የቫዮሊኑ ሳጥን በሩ አጠገብ ተደርድረዋል። ኦቲልያ ሮሄልዮ በዚያን ቀን ሃርሊንገን ከተማ ሥራ አለኝ ያለውን አምና ነበር። ሥራው ተሰረዘና መጣ። በሩን ሲከፍት እግሩ ሳጥኑን መታው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ሚሬያ ሳጥኑን ወደ ራሷ ጎተተች። ሮሄልዮ ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ እያሰቡበት ነው አላሉኝም ነበር?»

ኦቲልያ እጇን አነሳች፤ እጇ ግን አየር ላይ ቀረ። የያዲራ መኪና ግቢው ውስጥ ገባ። ያዲራ የሮሄልዮን መኪና አይታ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከመቀመጫዋ ወረደችና ወጥ ቤቱ ድረስ ገባች።

«እንዳትጮህባት» አለችው፣ ገና ደጃፉ ላይ ሳለች።

«ማን ጮኸ? እኔ አልፈቀድኩም። አባት አለ ብለሽ አልጠየቅሽም።»

«እንዴት አልጠየቅሁም? ዶኛ ኦቲልያ ይለሰልሳል ብለውኛል። እንዲያውም ፈቅደሃል ብዬ ነው።»

«እኔ? መቼ?»

ሁለቱም ወደ ኦቲልያ ዞሩ። ፊታቸው አንድ ዓይነት ነበር። ኦቲልያ የወንበሩን ጠርዝ ይዛ ተቀመጠች።

«ተዉአቸው» አለች ሚሬያ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «እማማ ምን ያድርጉ? አንተ፣ ድስት የማታውቅ በሏት ትላለህ፤ እማማ፣ አዝኖልሻል ይሏታል። አንቺ፣ ከጠረጴዛ አይነሳም በሉልኝ ትያለሽ፤ እማማ፣ ደህና ነህ ወይ ብላሃለች ይሉታል። አራት ዓመት ሙሉ ስትነጋገሩ የነበረው እርስ በርስ አይደለም። ከእማማ ጋር ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሮሄልዮ እንደዚህ ለትልቅ ሰው የምትመልስ ልጅ ላይ ጠረጴዛ ይመታ ነበር። አሁን አልመታም። ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አታድርም» አለ በዝግታ። «ለምን እንደሆነ ሰው አይጠይቀኝም። በእሷ ዕድሜ ነው አባቴ ወደ ሰሜን ቼሪ ለቀማ የወሰደኝ። የማናውቃቸው ሰዎች የሚያድሩበት አዳራሽ ነበር። ሰክረው ይገባሉ። አባቴ ደክሞት ይተኛል፤ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ነበር የማነጋው።» አንገቱን ደፋ። «ልጄን የማላውቀው ሰው በሩን የሚከፍትበት ቦታ አላሳድርም። ይኸው ነው።»

ያዲራ ከዚህ ሰው ጋር በትዳር ስትኖር አንድም ቀን ይህን ነገር ሰምታ አታውቅም። ኦቲልያ ግን ያን ጉዞ ታውቀዋለች። ልብሱን አጣጥፋ የጫነችለት እሷ ናት። አማቷን የሚጠብቅ ሰው ስለሌለ ቀረች፤ «ወንድ ልጅ ነው፣ ከአባቱ ጋር ይጠንክር» ያለችውም እሷ ናት። ሲመለስ ዝምተኛ ሆኖ ነበር። አድጎ ነው ብላ ደስ ብሏት ነበር። አሁን ሐኪሙ ቢፈቅድ እንኳ ምን እንደምትል አታውቅም።

ያዲራ ወንበር ስባ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ሮሄልዮ» አለችው። ከተለያዩ ወዲህ ስሙን ጠርታው ስለማታውቅ ልጆቹ ቀና አሉ። «እኔ አብሬያት ነው የምሄደው። ከልጆቹ ጋር ከሚሄዱት እናቶች አንዷ ነኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ነን።»

«ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሃለሁ። ማለቴ በእሳቸው በኩል። በዚያ ቀን…» ቆም አለችና ፊቷ ቀላ። «በዚያ ቀን ስድብ ውስጥ ነበር የተናገርኩት። እሱ ከጠረጴዛ ስለማይነሳ እኔው እሄዳለሁ በሉልኝ ነው ያልኩት።»

ኦቲልያ አስታወሰች። ስድቡን ስትጥል ይህንንም አብራ ጥላዋለች። በእጇ ፊቷን ሸፈነች። ሮሄልዮ እናቱን አየ፤ ከዚያ ያልጠበቁትን አደረገ፤ ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አይደለም፤ ብዙ መንገድ ሄዶ አድራሻው የተሳሳተ መሆኑን የሰማ ሰው ሳቅ ነው።

«ከጠረጴዛ የማይነሳ» አለ። «እሺ።» ተነሳና የቫዮሊኑን ሳጥን አንስቶ ወደ መኪናው ወሰደው።

ሚሬያ እንደ ቤቱ ወግ አያቷ ፊት ጎንበስ አለች፤ ማንም ከዚያ ቤት ሳይመረቅ ሩቅ መንገድ አይሄድም። ኦቲልያ ግንባሯ ላይ በአውራ ጣቷ መስቀል አማተበችላት። የምርቃቱን ቃል ልጅቷ ራሷ በለሆሳስ አለችው። ሮሄልዮ ከውጭ ተመልሶ፣ «እማዬ፣ ኔቶን እኔ እይዘዋለሁ። ዛሬ ሥራ የለኝም። እርስዎ ተኙ» አላት። ኔቶ በመገረም አባቱን አየ። ግቢው ባዶ ሲሆን ኦቲልያ ሄዳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ግን አልተኛችም። መተኛት እንዴት እንደሚጀመር የጠፋት መሰላት።

ከዚያ በኋላ ነገር ሁሉ ሰላም ሆነ ቢባል ውሸት ነው። የሚሬያ ቡድን ሽልማት አላገኘም። ያዲራና ሮሄልዮ በስልክ ይነጋገራሉ፤ ግማሹ ጭቅጭቅ ነው። ዱሮ በኦቲልያ ጆሮ ይቀር የነበረው ክፉ ቃል አሁን በቀጥታ ይደርሳቸዋል፤ አንዳንዴ ያዲራ ከሥራ ስትመለስ መጥታ ወጥ ቤቱ ውስጥ ታለቅሳለች። ልጆቹ አባታቸው ዘንድ የሚያድሩበት ቀን ተወሰነ። ሮሄልዮ የመጀመሪያውን ሩዝ አሳረረው፤ ኔቶ ለሰፈሩ ሁሉ አወራበት። የኦቲልያ እህት ደግሞ ከሊናሬስ ደውላ፣ «የልጅ ልጆቿን አባረረች እየተባለ ነው፤ እውነት ነው?» አለቻት። ኦቲልያ በተመለሰው ሻካራ ድምፅዋ፣ «ወላጆቻቸው ዘንድ ነው ያሉት» አለቻት። እህቷ ያ መልስ አልገባትም።

አንድ ቀን ያዲራ በልማድ፣ «ዶኛ ኦቲልያ፣ እባክዎ ለሮሄልዮ…» ብላ ጀመረች።

«ስልኩ አለሽ፣ ልጄ» አለቻት ኦቲልያ። ተቆጥታ አልነበረም። ጉልበት ስላጣች ነው። ያዲራ ጥቂት አየቻትና መጥታ ጉንጯን ሳመቻት።

ቤቱ ዝም ሲል ኦቲልያ ደስታ የምታገኝ መስሏት ነበር። ድካሙ ግን ልጆቹ ሲሄዱ አብሯቸው አልሄደም። ዘመናት የተጠራቀመ ነውና ሥራ ሲያጣ ይበልጥ ታወቃት፤ ትከሻዋ ላይ፣ ጣቶቿ መገጣጠሚያ ላይ። ጠዋት ጎህ ሲቀድ ትነሳና በሩን ትከፍታለች፤ ከዚያ ማንም እንደማይመጣ አስታውሳ ትዘጋዋለች። ቻዮ፣ «ወይ ተኚ ወይ ከእኔ ጋር የሥዕል ካርታ ሎተሪ ልንጫወት ነይ» ብትላት፣ «ሁለቱንም አልችልበትም» አለቻት።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ሮሄልዮ ከጓሮው ብርቱካን ዛፍ ሥር የደረቁ ቅርንጫፎች እየቆረጠ ሳለ ወደ እሱ ወጣች። ብዙ ጊዜ አሰላስላው ነበር፤ ሲወጣ ግን አጭር ሆነ።

«ያኔ ወደ ሰሜን የላክሁህ እኔ ነኝ።»

መጋዙን አቆመ። «አውቃለሁ እማዬ።»

«አልጠየቅሁህም። ስትመለስ አልጠየቅሁህም።»

«ቢጠይቁኝም አልነግርዎትም ነበር።» ላቡን በክንዱ ጠረገ። ሌላ ነገር የሚል መስሏት ጠበቀች። እሱ ግን የተቆረጠውን ቅርንጫፍ እያነሳ፣ «ይሄኛው ደርቋል፤ ያኛው ግን ያብባል» አለ። ጥቂት ቆይቶ፣ «ወደ ጥላው ይግቡ፣ ፀሐዩ ክፉ ነው» አላት። ክንዷን ይዞ አስገባት። ያ ብቻ ነው የተነጋገሩት፤ ኦቲልያ ይቅር መባል ይሁን አይሁን አላወቀችም፤ ክንዷን የያዘበት እጅ ግን ቀስ ያለ ነበር።

በዚያው እሑድ ሁሉም ምሳ ሊበሉ ተሰበሰቡ። ያዲራ ልጆቹን አምጥታ ልትሄድ ስትል ሮሄልዮ፣ «ሳህን አለ» አላት፤ እሷም ከጠረጴዛው ሩቅ ጫፍ ተቀመጠች። ቻዮ የዶሮ ሾርባውን አወጣች፤ ኔቶ የእናቱን በርበሬ ለአባቱ፣ የአባቱን ሎሚ ለእናቱ እያቀበለ ይሮጣል። ኦቲልያ መሀል ላይ ተቀምጣ የሾርባውን እንፋሎት እያየች ዓይኗ ከበዳት። አገጯ ደረቷ ላይ አረፈ። ሚሬያ ልትነካት እጇን ስትዘረጋ ያዲራና ሮሄልዮ እኩል፣ «ተዪያት» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ማን ሰኞ ኔቶን ከትምህርት ቤት እንደሚያመጣው መከራከር ቀጠሉ።